ኤክስኮም 2ን ከቀዳሚው ጋር ማመዛዘን፦ የትኛውን፣ ከየትኛው አስቀድሞ መጫወት ይሻላል?

ተራ በተራ የሚካሄዱ የስትራቴጂ ጌሞችን መጀመር የሚፈልግ ሰው ምክር ሲጠይቅ «ኤክስኮምን ሞክር» የሚለው አያጣም፤ የትኛውን ኤክስኮም እንደሆነ አብሮ የሚነግረው ግን እምብዛም ነው። ፋይራክሲስ በ2012 ያወጣው «ኢነሚ አንኖውን» አለ፤ በ2013 የተጨመረለት «ኢነሚ ዊዚን» የተባለ ማስፋፊያ አለ፤ በ2016 የወጣው ተከታይ ክፍል «ኤክስኮም 2» አለ፤ በ2017 ደግሞ ይህንኑ ተከታይ ከሥሩ የለወጠው «ዋር ኦፍ ዘ ቾዝን» የተባለ ማስፋፊያ መጣ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከሩቅ ሲታዩ አራቱም አንድ ናቸው፤ ከግድግዳ ጀርባ ያጎነበሱ ጥቂት ወታደሮች፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ወራሪዎች፣ በስክሪኑ ላይ ደግሞ በመቶኛ የተጻፈ የመምታት ዕድል ይታያሉ። ተጫውቶ ያየ ሰው ግን አንዱን የወደደ ሌላውን ሊጠላ እንደሚችል ያውቃል።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ሁለቱን ክፍሎች ከምንም በላይ የሚለያቸው የጊዜ አያያዛቸው ነው፤ የመጀመሪያው ተጫዋቹን መጠበቅ ያስተምረዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ያንን ትምህርት ሊያስረሳው ተብሎ የተሠራ ነው። ሌላው ልዩነት ሁሉ፣ ማለትም የምስሉ ጥራት፣ የጦር መሣሪያው ብዛት፣ የታሪኩ አያያዝ፣ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን መጠየቅ ያለባችሁ ተረጋግቶ ማሰብ ያስደስታችሁ እንደሆነ ወይም እየተጣደፉ መወሰን ያነቃቃችሁ እንደሆነ ነው።

ሁለቱም የሚጋሩት ሕግ

በ1994 ጁሊያን ጎሎፕ የነደፈው የመጀመሪያው የኤክስኮም ጌም ለእያንዳንዱ ወታደር የጊዜ ነጥቦችን ይሰጥ ነበር፤ አንድ እርምጃ፣ አንድ መዞር፣ አንድ ማጎንበስ ሁሉ ከነጥቡ ይቀነስ ነበር። ጄክ ሰለሞን የመራው የ2012ቱ ሥራ ይህን ሁሉ ትቶ ለወታደሩ በየተራው ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ሰጠው፤ ተራምዶ መተኮስ ወይም ሁለቱንም አውሎ ርቆ መሮጥ ይችላል፣ ገና ሳይራመድ ከተኮሰ ግን በተለመደው ሕግ ተራው ያበቃል። ተከታዩ ክፍል ይህን እንዳለ ወርሶታል። ግማሽ ከለላ ከጠላት የመምታት ዕድል ላይ 20፣ ሙሉ ከለላ ደግሞ 40 መቀነሱም፣ በጎን ዞሮ የመጣ ተኳሽ ከለላውን ዋጋ ማሳጣቱም፣ የሞተ ወታደር በዚያው ሞቶ መቅረቱም በሁለቱም ያው ነው።

አዲስ ተጫዋች አብዝቶ የሚማረረው በመቶኛው ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስክሪኑ 65 በመቶ ሲል ሰው በልቡ «ይመታል» ብሎ ይተረጉመዋል። ሦስት ወታደሮች እያንዳንዳቸው በ65 በመቶ ቢተኩሱ ግን ሦስቱም የሚመቱበት ዕድል ከመቶ 27 ገደማ ብቻ ነው፤ ሦስቱም የሚስቱበት ደግሞ ከመቶ 4 በጥቂት ይበልጣል፤ ይህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥይቶች በሚተኮሱበት ዘመቻ ውስጥ ማጋጠሙ የማይቀር ነው። የእጅ ቦምብ በአንጻሩ አይስትም፤ ጉዳቱ ትንሽ ቢሆንም ጠላት የተሸሸገበትን ግድግዳ ብዙውን ጊዜ አፍርሶ ለቀጣዩ ተኳሽ የተቀነሰበትን 40 ይመልስለታል። ስለዚህ በሁለቱም ክፍሎች የሠለጠነ ተጫዋች አስቀድሞ ዕጣ የሌለበትን እርምጃ ይወስዳል፣ ጥይቱን ያስከትላል። ሴቭ የተደረገውን መልሶ ከፍቶ ያንኑ ጥይት መድገምም ብዙ አያዋጣም፤ ጌሙ የዕጣውን ቅደም ተከተል ስለሚይዝ ያው ወታደር በዚያው ተርታ ያንኑ ዒላማ ቢተኩስ ውጤቱ አይለወጥም። በዝቅተኛዎቹ የክብደት ደረጃዎች ደግሞ ጌሙ ከተጻፈው መቶኛ በላይ ለተጫዋቹ በስውር ያደላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደረጃውን ከፍ ባደረገ ቀን «ዕድሌ ጠመመ» ይላል።

ኦቨርዋች እና ሰዓቱ

«ኢነሚ አንኖውን»ን ለጥቂት ሰዓታት የተጫወተ ሁሉ ማንም ሳይነግረው የሚደርስበት ስልት አለ። ጠላት በትናንሽ ቡድን ሆኖ በካርታው ላይ ተበትኗል፤ አንድ ወታደር ሲያየው ቡድኑ ይነቃና ተራው ሳይደርስ በነጻ ወደ ከለላ ይሮጣል። ብዙ ርቆ የሄደ ወታደር ሁለትና ሦስት ቡድን በአንድ ጊዜ ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ተጫዋች ወታደሮቹን ጥቂት ጥቂት ያራምድና ሁለተኛውን እንቅስቃሴያቸውን «ኦቨርዋች» ላይ ያውለዋል፤ ይኸውም በጠላት ተራ የሚንቀሳቀስ ሲያዩ እንዲተኩሱ አነጣጥረው እንዲጠብቁ ማድረግ ነው። ይህን ከካርታው ጫፍ እስከ ጫፍ መድገም ይቻላል፤ የሚከለክል ነገር በአብዛኛው ተልዕኮ ላይ የለም። እኔም የመጀመሪያ ዘመቻዬን የጨረስኩት እንዲሁ ነው። ድሉ የማይካድ ነው፤ ነገር ግን የወደቀ መንኮራኩር ያለበትን አንድ የደን ካርታ ዛፍ በዛፍ እየቆጠርኩ ሳቋርጥ፣ ከሚመጣው ጠላት ይልቅ የማይመጣው ሰልችቶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሠሪዎቹ ይህን ጉድለት አላጡትም። «ኢነሚ ዊዚን» ላይ «ሜልድ» የሚባል ንጥረ ነገር የያዙ ማጠራቀሚያዎችን በካርታው ላይ አስቀመጡ፤ የተወሰነ ተራ ካለፈ በራሳቸው ይጠፋሉ፣ ሜልድ ከሌለ ደግሞ ወታደርን ወደ ግዙፍ የብረት ተዋጊነት መለወጥም ሆነ በባሕርየ ውርሱ ላይ ችሎታ መጨመር አይቻልም። ቸኩሎ የሄደ ይሸለማል ማለት ነው። ያልቸኮለ ግን አይቀጣም፤ ማጠራቀሚያውን ትቶ እንደ ቀድሞው ቀስ ብሎ መሄድ ይችላል። በእኔ አስተያየት ይህ በመላው ተከታታይ ውስጥ ከታዩት መፍትሔዎች ሁሉ ለስላሳውና ብልሁ ነው፤ ማስፋፊያውን ከመነሻው አብሮ መግዛት የሚገባውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

«ኤክስኮም 2» ማባበሉን ትቶ ሰዓት አመጣ። በብዙ ተልዕኮዎች ላይ ከስክሪኑ ላይኛው ክፍል ተራ እየቆጠረ የሚወርድ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ የሚጠለፈው መሣሪያ ይቃጠላል፣ ወይም ወታደሮቹን የሚያነሣው አውሮፕላን ጥሏቸው ይሄዳል። በምላሹ ለተጫዋቹ መደበቅን ሰጠው። አብዛኞቹ ተልዕኮዎች ሲጀምሩ ቡድኑ አይታይም፤ ጠባቂዎች በመንገዳቸው ሲዘዋወሩ ወታደሮቹ ከጣሪያና ከአጥር ጀርባ ቦታቸውን ይዘው የመጀመሪያውን ጥይት መቼና ከየት እንደሚተኩሱ ራሳቸው ይመርጣሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ካልታዩ ተከታዩን መመዘን አይቻልም፤ ሰዓቱን ብቻ አይተው የሚወቅሱት ሰዎች የተሰጣቸውን ነጻ ድብደባ ረስተውት ነው።

አንድ ተልዕኮ ላሳያችሁ። የጠላትን መሣሪያ በስምንት ተራ ውስጥ መጥለፍ ነበረብኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ተራዎች ወታደሮቼን ወደ አንድ ዝቅተኛ ሕንፃ ጣሪያ አወጣሁ፤ በሦስተኛው ከሥራችን ሦስት ጠባቂዎች ሲያልፉ ግሬናዲዬር የተባለው ቦምብ ጣይ ወታደር ቦምብ ወርውሮ ከለላቸውን አፈረሰ፣ የቀሩት ተኩሰው ሦስቱንም ጣሉ። እስከዚህ ድረስ ፍጹም ነበር። በአራተኛው ተራ ግን የቆየው ልማዴ መጣብኝ፤ ሁሉም ጥይት እንዲሞሉና ኦቨርዋች ላይ እንዲቆሙ አዘዝኩ፤ ማንም አልመጣም። ሰባተኛው ላይ ስደርስ መሣሪያው ገና ሁለት እንቅስቃሴ ይርቀኝ ነበር፤ በመካከል ደግሞ አዲስ የጠላት ቡድን አለ። ስፔሻሊስት የተባለው የወታደር ዓይነት «ግሬምሊን» የሚባል በራሪ መሣሪያ ስላለው ከሩቅ ሆኖ መጥለፍ ይችላል፤ ስለዚህ በስምንተኛው ተራ ስፔሻሊስቷን ወደ ጣሪያው ጫፍ አስሮጥኳት፣ መሣሪያውን አየችው፣ ጠለፋውም ተሳካ። ከለላ በሌለበት ስለቆመች ግን በጠላት ተራ ወደቀች። በአራተኛው ተራ ያባከንኳት ያቺ አንዲት እንቅስቃሴ ዋጋዋ አንዲት ወታደር ነበረች፤ ለዚህም ዕጣውን የማማበት ምክንያት አልነበረኝም።

ይህን ስታነቡ «ይህማ ያስጨንቃል» ካላችሁ የመጀመሪያው ክፍል የእናንተ ነው። «አራተኛው ተራ ላይ ምን ማድረግ ነበረብህ» ብላችሁ ማሰላሰል ከጀመራችሁ ግን ሁለተኛውን ግዙ።

ከውጊያው ውጭ ያለው ግማሽ

በሁለቱም ክፍሎች በተልዕኮዎች መካከል የሚሠራ የአስተዳደር ሥራ አለ፤ ምርምር፣ ግንባታ፣ ሥልጠና። በመጀመሪያው ክፍል ከመሬት በታች ያለ የጦር ሰፈር እየቆፈሩ ያስፋፋሉ፤ ተመሳሳይ ክፍሎችን አጠገብ ለአጠገብ መሥራት ጥቅም ስላለው ቁፋሮው ራሱ እንደ እንቆቅልሽ ነው። ገንዘብ የሚሰጡት 16 አገሮች ሲሆኑ በየአገሩ ፍርሃት ሲበዛ ድጋፋቸውን ያቋርጣሉ፤ ስምንቱ ከወጡ ዘመቻው ያከትማል። ወራሪዎቹ በአንድ ጊዜ በሦስት ቦታ ሰው ያግታሉ፤ ሊታደጉ የሚችሉት አንዱን ብቻ ነው፣ በሌሎቹ ሁለት ፍርሃቱ ይጨምራል። ከዚህ ማጥ የሚያወጣው በአንድ አገር ላይ ሲሰማራ የዚያን አገር ፍርሃት የሚቀንሰው ሳተላይት ነው። ሳተላይት ለመሥራት 20 ቀን ስለሚወስድና የአገሮቹ ውሳኔ በወሩ መጨረሻ ስለሚታይ፣ አዲስ ተጫዋች በወሩ መጀመሪያ ላይ ገንዘቡን ለጠመንጃ ሳይሆን ለሳተላይት ቢያውል ብዙ ጭንቀት ይቀርለታል። የአየር ላይ ውጊያው ግን ደካማ ነው፤ ሁለት ምልክት ሲጠጋጋ ከማየት ያለፈ ነገር የለውም።

የተከታዩ ታሪክ የሚነሣው ወራሪዎቹ አሸንፈው ምድርን ለ20 ዓመት ከገዙ በኋላ ነው። ይህ ለመራጩ አንድ ጥቅም አለው፤ ተከታዩ የመጀመሪያው ጦርነት በሽንፈት እንደተደመደመ ስለሚቆጥር፣ ቀዳሚውን ሳይጫወቱ ወይም ሳይጨርሱ ቢጀምሩት ታሪኩ አይደናገራችሁም። ሰፈሩ አሁን «አቬንጀር» የተባለ ከወራሪዎች የተማረከ መርከብ ነው፤ ከቦታ ቦታ እየበረረ ግብዓትና መረጃ ይለቅማል፣ በየክልሉ ካሉ ተቃዋሚዎች ጋር ግንኙነት ይፈጥራል። ከዚሁ ጎን ለጎን ጠላት «አቫታር» የተባለ ምሥጢራዊ ፕሮጀክት ያካሂዳል፤ የሂደቱ መስመር ከሞላ ሌላ ቆጠራ ይጀምርና መልሶ ያልቀነሰው ተጫዋች ይሸነፋል። ሰዓቱ ከውጊያው ሜዳ ወጥቶ በዓለም ካርታው ላይም ተሰቅሏል ማለት ነው። መስመሩ እየሞላ ሲሄድ የሚደናገጡ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ የጠላት ተቋም ማፍረስ መስመሩን ስለሚመልሰው ተቋሙ የሚገኝበትን ክልል እስክትደርሱ ድረስ መታገሥ ይቻላል። ከሁለቱ የአስተዳደር ሥርዓቶች ይበልጥ ሕይወት ያለው የተከታዩ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ ከእያንዳንዱ ሥራ መካከል የሚገባው ማስጠንቀቂያና ማቋረጫ አንዳንዴ ቢያታክትም።

ስለ ካርታዎቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የመጀመሪያው ካርታዎች በእጅ የተሠሩ ስለሆኑ ውብ ናቸው፣ በሁለተኛው ዘመቻ ላይ ግን ጠላት ከየት እንደሚወጣ ሳይቀር ታስታውሳላችሁ። የተከታዩ ካርታዎች ከተዘጋጁ ቁራጮች በየጊዜው እየተገጣጠሙ ይሠራሉ፤ ደጋግሞ ለሚጫወት ሰው ይህ ብቻውን ዋጋ አለው።

«ዋር ኦፍ ዘ ቾዝን»ን መጨመር ይገባልን?

ይገባል፤ መጀመሪያ ላይ ግን አይደለም። ማስፋፊያው ብቻውን አይሠራም፣ ዋናው «ኤክስኮም 2» ያስፈልገዋል፤ ዘመቻውም የራሱ ስለሆነ በዋናው ላይ የጀመራችሁትን ወደዚያ ማሻገር አይቻልም። የሚጨምረው ብዙ ነው። «ቾዝን» የተባሉ ሦስት ልዩ ጠላቶች በየተልዕኮው ድንገት ይመጣሉ፣ ወታደር ያግታሉ፣ በየዘመቻው የተለያየ ብርታትና ድክመት ይዘው ይቀርባሉ። ሦስት የተቃዋሚ ቡድኖችም የየራሳቸውን ልዩ ወታደር ያዋጣሉ። ከሁሉ የምወደው ግን የድካም ሥርዓቱን ነው፤ ከተልዕኮ የተመለሰ ወታደር ሳይቆስል እንኳ ስለሚደክም፣ ምርጥ ስድስቱን ብቻ ይዞ ዘመቻውን መጨረስ አይቻልም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ቡድን ማሠልጠን ግድ ይሆናል። በዋናው ጌም ላይ በዘመቻው አጋማሽ የሚታየው ጉድለት፣ ማለትም ጠንካሮቹ ይበልጥ ጠንክረው ፈተናው የሚቀልበት ሁኔታ፣ በዚህ ብዙ ተሻሽሏል።

ያው ብዛቱ ግን ለጀማሪ ሸክም ነው። ገና የመደበቅንና የሰዓትን ሚዛን ያልለመደ ሰው በአንዴ ስለ ድካም፣ ስለ ወታደሮች ቁርኝት፣ ስለ ምሥጢራዊ ስምሪትና ድምፅ ስለሚስባቸው የሙታን መንጋዎች እየተነገረው የትኛው ትእዛዝ እንደሚቀድም አያውቅም። ስለዚህ ዋናውን ቢያንስ እስከ አጋማሹ ተጫወቱት፤ ተሸንፋችሁም ቢሆን። ከዚያ ማስፋፊያውን በአዲስ ዘመቻ ክፈቱ። ሰዓቱ አሁንም የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ማስፋፊያው የተልዕኮ ተራዎችን በእጥፍ የሚያራዝም ምርጫ አለው፤ የአቫታርን ሂደት የሚያዘገይም አለ። የመጀመሪያው ምርጫ ግን ከላይ ያልኩትን የቀድሞ ልማድ መልሶ ስለሚያመጣ ከአንድ ዘመቻ በላይ አልመክረውም።

ስለ መሣሪያውና ስለ ሞዶች

«ኢነሚ አንኖውን» የተሠራው ለኤክስቦክስ 360 እና ለፕሌይስቴሽን 3 ጭምር ስለነበር አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሳይቸገር ይሠራል። «ኤክስኮም 2» መጀመሪያ ለኮምፒውተር ብቻ ነው የወጣው፤ ኮንሶሎች የደረሳቸው ከወራት በኋላ ነው፤ ሲወጣም በመንተባተቡና በተልዕኮዎች መካከል በሚያስጠብቀው ጊዜ ብዙ ቅሬታ ቀርቦበታል። ማስፋፊያው ይህን የመክፈቻ ጊዜ በግልጽ አሳጥሮታል። ደካማ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ መሞከር ይችላል፣ አለበለዚያ ቀዳሚው ያዋጣዋል። በ2020 ተከታዩ ከነማስፋፊያዎቹ ወደ ኒንቴንዶ ስዊችና ወደ አይፎን መጥቷል፤ ምስሉ ቢቀንስም ተራ በተራ የሚካሄድ ጌም ስለሆነ በእጅ ይዞ መጫወት ያምራል።

በሞድ ረገድ፣ ማለትም ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙን በሚለውጡባቸው ጭማሪዎች በኩል ግን ውድድር የለም። ቀዳሚው ለሞድ የተዘጋጀ ባይሆንም አድናቂዎች «ሎንግ ዋር»ን ሠርተውለታል፤ ተከታዩ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጫዋቾች ሞዶቻቸውን በሚጋሩበት በስቲም ዎርክሾፕ በኩል ለሞድ ክፍት ነበር። ከወታደር ልብስ እስከ ሙሉ የጨዋታ ሕግ ድረስ የሚለውጥ ሞድ አለ። አንድ ጌም ገዝቶ ለዓመታት የመቆየት ሐሳብ ያለው ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ተከታዩን ቢመርጥ አልቃወመውም።

እንግዲህ ማን የቱን ይግዛ? የዚህ ዓይነት ጌም ተጫውቶ የማያውቅ ሰው «ኢነሚ አንኖውን»ን ከ«ኢነሚ ዊዚን» ጋር ይያዝ፤ የመቶኛንና የከለላን ቋንቋ ያለ ጥድፊያ ያስተምረዋል። ሌላ ተራ በተራ ጌም የለመደና ቀርፋፋነት የሚያሰለቸው በቀጥታ ወደ «ኤክስኮም 2» ይሂድ። ቀዳሚውን ወዶ ደጋግሞ የጨረሰ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚቸገረው እርሱ መሆኑን ይወቅ፤ እጁ የለመደውን መተው አለበትና። በ2020 የወጣው «ኪሜራ ስኳድ» ከዚህ ምርጫ ውጭ ነው፤ ተራው በቡድን ሳይሆን በየግለሰቡ የሚፈራረቅ፣ ወኪሎቹም ስምና ጠባይ የተሰጣቸው ስለሆኑ እንደ ተተኪ ሳይሆን እንደ አጭር ጣልቃ ገብ ሥራ ብታዩት ይሻላል።

ለ«ኤክስኮም 2» ገዢ አንድ የመጨረሻ የማስተካከያ ምክር አለኝ። ጌሙ ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ተጨማሪዎቹ አብረውት ተጠቃልለው ነው፤ ከእነዚህ አንዱ «ኤሊየን ሀንተርስ» ሲሆን እንደ «ቫይፐር ኪንግ» ያሉ ኃያል ጠላቶችን ያመጣል። እነዚህ ጠላቶች እንደ ሌላው ተራቸውን አይጠብቁም፤ ወታደሮቻችሁ ባደረጉት እንቅስቃሴ ሁሉ ላይ ወዲያው ምላሽ ይሰጣሉ። ሁለት እንቅስቃሴ አለኝ ብሎ ያቀደ ጀማሪ ገና በአንደኛው ላይ እያለ ወታደሩ በረዶ ሆኖ ሲያገኘው የተማረው ሕግ ሁሉ የተሰረዘ ይመስለዋል። በመጀመሪያው ዘመቻችሁ ይህን ተጨማሪ አጥፉት፤ በ«ዋር ኦፍ ዘ ቾዝን» ስትጀምሩ ደግሞ ተጨማሪዎቹን ከዋናው ዘመቻ ጋር የሚያዋህደውን ምርጫ አብሩት፤ ያን ጊዜ እነዚህ ጠላቶች የሚገኙት ዘግይተው፣ ራሳችሁ ሄዳችሁ በምታጠቋቸው የጠላት ተቋማት ውስጥ ይሆናል።